የጌታ እራትንና የፈውስ ጸሎትን በአንድ አምልኮ ማካሄድ

ሁለቱን በአንድ አምልኮ የማካሄዱ ለውጥ በመጋቢው ፈቃድ ብቻ አይጀመርም፤ በፕሬስቢቴሪያን (ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌዎች ጉባኤ በምትመራበት) ሥርዓት የጌታ እራትን ጊዜና አፈጻጸም የሚወስነው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ውሳኔው ለምእመናን ቢያንስ ከሁለት እሑዶች በፊት ይነገር።

ትሪ በየወንበሩ ማዞር ቀርቶ ሰው ወደ ፊት የሚመጣ ከሆነ፣ በአንድ ጣቢያ ሁለት አገልጋዮች ይቁሙ፤ አንዱ ኅብስት፣ ሌላው ጽዋ ይዞ። ኅብስቱ በጽዋው የሚነከር ከሆነ ጠንከር ያለ ዳቦ ምረጡ፤ ለስላሳው ይፈረፈርና ጽዋው ውስጥ ይቀራል። ቁራሹ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ካነሰ ጣት ወይኑን ይነካል። በትንንሽ ኩባያ ከሆነ ግን ለመቶ ሰው፣ በየኩባያው 10 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ፣ አንድ ሊትር የወይን ጭማቂ ይበቃል። ስንዴ ለማይስማማቸው የተለየ ኅብስት ብቻ አይበቃም፤ ፍርፋሪ ያልገባበት የተለየ ጽዋም ያስፈልጋል። ሽማግሌዎች መራመድ ወደማይችሉ ሰዎች መቀመጫ ይሂዱ፤ ይህ ፈጽሞ እንዳይረሳ!

የፈውስ ጸሎቱ ከቁርባኑ በኋላ ይሁን፤ ዘይት የነካ እጅ ኅብስት መቁረስ የለበትም። መሠረቱ ሽማግሌዎች የታመመውን ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት የሚለው ያዕቆብ 5፥14 ነው። ሁለት ሆናችሁ ጸልዩ። የሚጸለይለትን ሰው ስሙንና የሚጸለይበትን ጉዳይ በዝግታ ጠይቁ፤ እጅ ከመጫናችሁ በፊት ፈቃድ ተቀበሉ። በጥጥ ላይ ጠብ ያለ የወይራ ዘይት በአውራ ጣት ግንባር ላይ ለመቀባት ይበቃል። ድምፅ ዝቅ ይበል፤ የሰው ሕመም ለጉባኤ አይሰማም። «ድነሃል፣ መድኃኒትህን ተው» ማለት ክልክል ነው።