ስኩተሬን ያንኳኳት ነገር

አሮጌዋ ስኩተሬ በደብረ ብርሃን ኮብልስቶን ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣሳ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ስትንኳኳ ከረመች። መካኒኩ "ሞተሩ ይፈታ" አለኝ። ኪሴ ደነገጠ።

ቆማ አስነሳኋት። ቆማም ጮኸች፤ ስለዚህ ጎማና ሞላው ነፃ ወጡ። ነዳጅ ስሰጣት ድምፁ ይጠፋል፣ ስለቃት ይመለሳል። የሞተር የውስጥ ዕቃ ቢሆን ከዙሩ ጋር አብሮ ይፈጥን ነበር። የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) መሸፈኛ ቆርቆሮ በእንጨት ጫን ሳደርገው ጸጥ!

እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ (በእኛ ብርድም ማርሚታ ያቃጥላል)። አንዱ ብሎን የለም፣ የሌላው ቀዳዳ ሰፍቷል። አዲስ ብሎን፣ ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ጠፍጣፋ ክብ ብረት)፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ ጥብቅ። ጠባሴ ሰፈር ደርሼ ስመለስ ደግሜ አጠበቅሁት። አሁን የሚንኳኳው ሳጥኗ ውስጥ የረሳሁት ቁልፍ ብቻ ነው።