ከሙኒክ እስከ ብሌድ በመኪና፦ ሳትቀጡ ሐይቅ ለሐይቅ

ሙኒክና አካባቢው ያላችሁ፣ አራት አምስት ቀን እረፍት ካገኛችሁ መኪናችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ። ኦስትሪያ ውስጥ ሳልዝቡርግን አይታችሁ፣ ሃልሽታት አጠገብ አድራችሁ፣ ተራራውን በዋሻ አቋርጣችሁ ስሎቬኒያ ውስጥ ብሌድ ሐይቅ ዳር ትወርዳላችሁ። ሦስት አገር ነው፤ ስትሄዱ ድንበሩን ግን ልብ ሳትሉት ታልፉታላችሁ። ጣጣውም እሱ ነው።

ጀርመን የቤት መኪናን ለአውራ ጎዳና አታስከፍልም። ኦስትሪያና ስሎቬኒያ ግን ለየብቻ ቪኜት፣ ማለትም አስቀድሞ የሚገዛ የመንገድ ፈቃድ፣ ይፈልጋሉ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ የኦስትሪያውን ገዝቼ "በቃ፣ ጨረስኩ" ብዬ ስሎቬኒያ ገባሁ፤ ከዋሻው ወጥቼ ብዙም ሳልሄድ አስቆሙኝ። እዚያ ያለ ቪኜት መንዳት ከ300 እስከ 800 ዩሮ ያስቀጣል። የሆቴሌ ብር መንገድ ላይ ቀረ። ሁለቱንም ከቤት ሳትወጡ በኢንተርኔት ግዙ፤ ከኦስትሪያው አስፊናግና ከስሎቬኒያው ዳርስ፣ ማለትም ከመንገድ ድርጅቶቹ ከራሳቸው። ጎግል ላይ ከላይ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ትርፍ የሚጨምሩ ደላሎች ናቸው። የሚመዘገበው በታርጋ ስለሆነ አንድ ፊደል ከሳታችሁ እንዳልገዛችሁ ቁጠሩት። ኦስትሪያ ውስጥ ተራራውን የሚያቋርጠው የታወርን አውራ ጎዳናና ወደ ስሎቬኒያ የሚያስገባው፣ 8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የካራቫንከን ዋሻ ደግሞ ቪኜት ኖሯችሁም ለብቻ ይከፈልባቸዋል።

መኪናው የኪራይ ከሆነ ስሎቬኒያ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ውሉን እዩ። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁን ያዙ፣ "ፎቶው ስልኬ ላይ አለ" አይሠራም። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ካላለቀ ግን ጉዞውን ለጊዜው ተዉት፤ ያቺ ወረቀት ከጀርመን አታስወጣም።

ሃልሽታት ተራራና ሐይቅ መሃል የተጣበቀች መንደር ናት። እኩለ ቀን በመኪና ከሄዳችሁ ፓርኪንግ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። አጠገቧ ባለችው መንደር ኦበርትራውን እደሩ፣ መኪናውን እዚያው ተዉት፣ ጠዋት በባቡር ሂዱ። የሃልሽታት ጣቢያ ከሐይቁ ማዶ ነው፤ ከባቡር ወርዳችሁ ጀልባ ላይ ስትወጡ ቤቶቹ ከነቤተ ክርስቲያኑ ሹል ጣሪያ ውኃው ላይ ተገልብጠው እየቀረቧችሁ ይመጣሉ። ከፍ ብሎ ካለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከ600 በላይ የራስ ቅሎች ስምና አበባ ተስሎባቸው ተደርድረዋል። የመቃብር ቦታ ስለጠበባቸው ነበር አጥንቱን የሚያወጡት። ልጆች ከያዛችሁ አስቡበት።

የብሌድ ሐይቅ ዙሪያው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በእግር ዙሩት። ወደ ደሴቷ የሚያሻግረው ፕሌትና የሚባል ጀልባ ሞተር የለውም፣ ቀዛፊው ቆሞ ነው የሚቀዝፈው። ስትወርዱ 99 ደረጃ ይጠብቃችኋል። በባህላቸው ሙሽራው ሙሽሪትን ተሸክሞ ይወጣዋል፣ እሷ ደግሞ ትንፍሽ አትልም። (የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺዎች ይህን እንዳይሰሙ!) ከ1953 ጀምሮ የሚሸጠውን ክሬምሽኒታ የተባለ ኬክ ቅመሱ። እንቁላልና ወተት ነው፣ ዓርብ የምትጾሙ ቅዳሜ ድረሱ።

ማደሪያ ግን ራዶቭሊትሳ ይሻላል፣ ቅርብ ነው። አሮጌው ከተማ አንድ አደባባይ ነው ማለት ይቻላል፤ እዚያው ያለው የንብ ሙዚየም ግን ሰዓት ይበላል። ገበሬዎቹ ድሮ የቀፎውን የፊት ሳንቃ በሥዕል ያስጌጡት ነበር፦ አንዱ ላይ አውሬዎች የሞተውን አዳኝ ተሸክመው ሊቀብሩት ይሄዳሉ፣ ሌላው ላይ ሰይጣን የሴትዮዋን ምላስ እንደ ቢላዋ ይስላል።

መዋኘት ያማረው ወደ ቦሂን ሐይቅ ይዝለቅ፣ ከብሌድ ሰፊም ጸጥተኛም ነው። ዋና ከተማው ሉብሊያና ከሄዳችሁ መኪናውን ዳር አቁሙ፣ አሮጌው መሃል ከተማ ለመኪና ዝግ ነው። መመለሻችሁን ደግሞ እሑድ ማታ አታድርጉት፤ የጀርመን መግቢያ ላይ ፖሊስ መታወቂያ እያየ ስለሚያሳልፍ ሰልፉ ሰዓት ይፈጃል፣ በማለዳ ተነሱ።