በካናዳ የምንኖር ሐበሾች ስለ ነባሩ ሕዝብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በነባሩ ሕዝብ ላይ ስለደረሰው በደል ሲነሳ «እኛ ትናንት የመጣን ነን፤ የነጮች ጣጣ ነው» ማለት። ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። ከ2021 ወዲህ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ዜግነት ስንቀበል የምንምለው መሐላ የፈርስት ኔሽንስ፣ የኢኑዊትና የሜቲ ሕዝቦችን (ነባሩ ሕዝብ የምንለው እነዚህን ሦስቱን ነው) መብት በስም ይጠቅሳል። ሐሳቡ የነባሩ ሕዝብ ልጆች በግድ የገቡባቸውን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ያጣራው የእውነትና እርቅ ኮሚሽን በ2015 ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች የመጨረሻው ነው። 93ኛውም የሚያወራው ስለ አዲስ መጤዎች ነው፤ ስለ እኛ ማለት ነው። ካልጋሪ ቤት የገዛ ሰው ደግሞ ቤቱ ያለው በ1877 በመንግሥትና በነባሩ ሕዝብ መካከል ስምምነት ቁጥር 7 በተፈረመበት ምድር ላይ ነው።

«ግብር አይከፍሉም፣ ሁሉ ነገር በነጻ ነው» ማለት። ቡና ላይ የማይቀር ወሬ ነው። ከግብር ነጻ የሚሆነው «ኢንዲያን አክት» በሚባለው ሕግ የተመዘገበ ሰው በሪዘርቭ (ለፈርስት ኔሽንስ በተከለለ መሬት) ውስጥ ያገኘው ገቢ ነው እንጂ ከተማ ወጥቶ የሚሠራው እንደ እኛው ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ኢኑዊትና ሜቲ ደግሞ ይህም የላቸውም። በአንጻሩ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ አፍልተው የጠጡ ሪዘርቮች አሉ፤ ይሄ ግን ቡና ላይ አይነሳም።

መንገድ ላይ የወደቀ ሰው አይቶ በሕዝቡ ሁሉ መፍረድ። ከ150,000 በላይ የነባሩ ሕዝብ ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ያቋቋሙት አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ በቋንቋቸው ሲያወሩ የተገረፉ ብዙዎች ናቸው። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። ፌርማታ ላይ አጠገባችን የቆመው ጎልማሳ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ሊሆን ይችላል።

«ለእነሱ ቤዝመንት አላከራይም» ማለት። የራሱ መግቢያና ወጥ ቤት ያለውን ቤት በዘር ምክንያት መከልከል ሕገወጥ ነው። «እኛም ጥቁር ነን፣ እንዴት ዘረኛ እንባላለን?» የሚለው መልስ ከሳሽ ፊት አያድንም።

እነዚያ የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች በሚታሰቡበት ቀን፣ ሴፕቴምበር 30፣ ለልጅ ብርቱካናማ ቲሸርት ገዝቶ ነገሩን መጨረስ። ልማዱ የመጣው አዳሪ ትምህርት ቤት ከገቡት አንዷ ከሆነችው ከፊሊስ ዌብስታድ ነው፤ በ1973፣ በስድስት ዓመቷ፣ አያቷ የገዙላትን ብርቱካናማ ሸሚዝ ትምህርት ቤት በገባች ቀን ገፈፏት። ልጃችን ይህን ክፍል ውስጥ ተምሮት ይመጣል፤ ማታ «ዛሬ ምን ነገሯችሁ?» ብንለው ደስ ብሎት ያስረዳናል።

ያገኙትን የነባሩ ሕዝብ ሰው «እስቲ ያ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ። በደርግ ጊዜ የታሰሩ አባቶቻችንን እንኳ ራሳቸው እስኪያነሱት እንጠብቃለን። ለማወቅ የጓጓ ሰው ዊኒፔግ፣ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የእውነትና እርቅ ማዕከል አለለት፤ የኮሚሽኑን ሪፖርት ከድረ ገጹ በነጻ አውርዶ ማንበብ ይችላል።