እንቅልፉ ከብዶ ሌሊት ለሚሸናበት ልጅ፦ በሽንት እርጥበት የሚጮህ የማንቂያ ደወልን እንዴት እንደምትጠቀሙ

አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሌሊት ቢሸናበት ሕክምና አያሻውም። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ነገር መሟላቱ ይታያል፦ ኩላሊቱ ሌሊት የሚያመርተው ሽንት መቀነሱ፣ የሽንት ፊኛው ሽንቱን መያዙ፣ ፊኛው ሲሞላ ልጁ መንቃቱ። እንቅልፉ የከበደ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሳነው ሦስተኛው ነው። ስንፍና አይደለም፤ ቁጣም ዱላም አይፈታውም። ብዙውን ጊዜ እናት ወይም አባትም በልጅነታቸው እንዲሁ ነበሩ።

ደወል ከመግዛታችሁ በፊት ሆዱን ጠይቁ። ሰገራው የሚደርቅ ወይም በሁለት በሦስት ቀን አንዴ የሚወጣ ከሆነ፣ የሞላው አንጀት ፊኛውን ይጫነዋል። ድርቀቱ ብቻ ታክሞ ሽንቱ የሚቆምላቸው ልጆች አሉ።

ቅዳሜና እሑድ ቀን ቀን በእያንዳንዱ ጊዜ የሚሸናውን በመለኪያ ኩባያ ለኩ፤ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት አትቁጠሩ። የሚጠበቀው ዕድሜው ላይ 1 ተደምሮ በ30 ሲባዛ ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ 240 ሚሊ ሊትር። የዚህ ልጅ ትልቁ ልኬት ከ160 በታች ከሆነ ፊኛው ትንሽ ነው። ውኃ አትከልክሉት፤ ቀን በደንብ ይጠጣ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይሽና፣ ከእራት በኋላ ይቀንስ። ሻይ፣ ቡናና ኮላ ይቅር።

ደወሉ ፓንቱ ላይ የሚያያዝ፣ እርጥበት ሲነካው የሚጮህ ነው። የስልክ ደወል አይተካውም፤ ስልክ የሚጮኸው በሰዓት እንጂ በሽንት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤተሰቡ ሁሉ ይነቃል፣ ልጁ ግን ይተኛል። ብዙ ሰው "አልሠራም" ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ በከንቱ። አንዳችሁ አጠገቡ ተኙ። እንደጮኸ ስሙን ጥሩ፣ ቀና አድርጉት፣ ካልነቃ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሱት። ደወሉን ራሱ ያጥፋ፣ በእግሩ ሄዶ ሽንቱን ይጨርስ። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ፖፖ አልጋው አጠገብ አኑሩ፤ ጨለማ የሚፈራ ልጅ ነቅቶም ይተኛል። ማታ አንድ የምስጢር ቃል ተስማሙና ያን ጊዜ ጠይቁት፤ ካላስታወሰ አልነቃም ማለት ነው። ተኝቶ እያለ ተሸክሞ ማሸናት አንሶላውን ያድን ይሆናል እንጂ ልጁን አያስተምርም። ከዚያ ደረቅ ፓንት አልብሳችሁ ደወሉን መልሱለት።

መጀመሪያ የሚቀንሰው የእርጥቡ ስፋት ነው፤ ደወሉም ከእኩለ ሌሊት ወደ ንጋት ይገፋል። 14 ሌሊት በተከታታይ እስኪደርቅ ቀጥሉ፤ ሁለት ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። በአራት ሳምንት ምንም ለውጥ ካልታየ ሐኪም አማክሩ።

ሌሊት የሚመረተውን ሽንት የሚቀንሰው ዴስሞፕሬሲን የሚባለው መድኃኒት ሐኪም ሲያዝ ብቻ ይወሰዳል፤ ዘመድ ቤት ለሚታደርባቸው ቀናትም ይጠቅማል። ከመዋጡ 1 ሰዓት በፊት ጀምሮ ከተዋጠ 8 ሰዓት እስኪያልፈው ድረስ ልጁ ብዙ ፈሳሽ ከጠጣ፣ የደም ጨው ተቀንሶ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል።

ስድስት ወር ደርቆ እንደገና የጀመረ፣ ቀንም የሚያመልጠው፣ ሲሸና የሚያቃጥለው፣ ወይም ጮክ ብሎ እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅ ደወል ከመጀመሩ በፊት ይመርመር። ውኃ ጥም በዝቶበት የከሳ ልጅ ግን የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።