በብራና ላይ የወርቅ ፊደል መሥራት፦ የመካከለኛው ዘመን ረዳት ሙያ

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተሠሩ የብራና መጻሕፍት በወርቅ ፊደሎቻቸው ሲደነቁ ስሙ የሚነሣው ዋናው ሠዓሊ ነው፤ ይሁንና ብሩሹ ብራናውን ከመንካቱ አስቀድሞ ጀሶ ሲያማስል፣ ቀለም ሲፈጭና እንቁላል ሲመታ የሚከርመው ረዳቱ ነበር። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ እ.ኤ.አ. በ1400 አካባቢ በጻፈው የሙያ መመሪያ ለተለማማጅ የመደበው 13 ዓመት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ስድስቱ ለመፍጨት፣ ለሙጫና ለጀሶ ሥራ የተተዉ ናቸው። የሚከተለው አሠራር በዋናነት የእርሱን መመሪያ ይከተላል።

ከሁሉ አስቀድመው ጀሶውን ያዘጋጁ። (ቃሉ ወደ አማርኛ የገባው ከዚያው ከጣሊያንኛ ነው።) ጀሶ ውኃ ሲነካው ስለሚጠጥር እንዳለ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ስለዚህ በባልዲ ውስጥ በብዙ ውኃ በጥብጠው ቢያንስ ለአንድ ወር በየቀኑ ያማስሉት። የመጠጠር ኃይሉን ጨርሶ ሲያጣና ሲለሰልስ ውኃውን አጥልለው ያድርቁት።

ወርቁ ከሚለጠፍበት ቀን በፊት ባለው ማታ የእንቁላሉን ነጭ ክፍል በንጹሕ ሳሕን እንደ በረዶ ነጭ አረፋ እስኪሆን ይምቱት፤ ከዚያም ይተዉት። ጠዋት ከአረፋው ሥር የተጠራቀመው ጥሩ ፈሳሽ ማጣበቂያዎ ነው። በጥቂቱ የተመታ እንቁላል ክር ክር እያለ ብሩሽ ላይ ስለሚጎተት እጅዎ ቢዝልም አያቋርጡ።

ቀጥሎ ጀሶውን ከሢሶው ባነሰ የእርሳስ ነጭ (እርሳስ ከሚባለው ብረት የሚሠራ ነጭ ቀለም)፣ ከእርሳሱም ባነሰ ስኳር፣ በነጩ ብራና ላይ እንዲታይ ደግሞ በጥቂት ቀይ የአርመን ሸክላ አፈር አዋሕደው በጠንካራ ድንጋይ ላይ በመጅ በውኃ ይፍጩት። የእርሳስ ነጭ መርዝ ስለሆነ ዛሬ በቲታኒየም ነጭ መተካቱ ይሻላል፤ የዚያ ዘመን ረዳት ግን እርሳሱን ብቻ ሳይሆን አርሴኒክ የተባለ መርዝ ያለበትን ቢጫ ቀለምም በእጁ ይፈጭ ነበር፤ ቼኒኒ ራሱ ይህ ቢጫ አፍ እንዳይነካ ያስጠነቅቃል። ስለ ደማቅ ቀዩ ቀለም ሲጽፍ ደግሞ ለሃያ ዓመት በየቀኑ ቢፈጭ እንኳ ይበልጥ ጥሩ ይሆናል ይላል፤ ሠዓሊው ይህን ሲጽፍ የማን ክንድ እንደሚደክም ያሰበ አይመስልም።

የተፈጨውን ሲደርቅ በእንቁላሉ ፈሳሽ ቀስ ብለው ያርጥቡት። በኃይል ካማሰሉት አየር ይገባበታል፤ እያንዳንዷ የአየር አረፋም በወርቁ ላይ ጉድጓድ ሆና ትታያለች። በላባ ብዕር ወይም በብሩሽ ፊደሉን ጎላ አድርገው ይሙሉት፤ ሲደርቅ ሸካራውን በስለታም ቢላ ይፋቁት።

አሁን የሚፈልጉት እስትንፋስዎን ነው። በደረቀው ጀሶ ላይ ቀረብ ብለው በሞቀ ትንፋሽ እፍ ሲሉበት ውስጡ ያለው ስኳር እርጥበቱን ይዞ ይጣበቃል፤ ሳይውል ሳያድር በስሱ የተቀጠቀጠውን ወርቅ ያሳርፉበትና በጥጥ ይጫኑት። አየሩ ደረቅ በሆነበት ሰዓት ወርቁ አልይዝ ስለሚል ማለዳ መሥራት ይመረጣል። ጥቂት ቆይተው መጀመሪያ በቀስታ፣ በኋላ ጠንከር አድርገው ይወልውሉት። ቼኒኒ ለዚህ የሚመክረው የውሻን፣ የተኩላን፣ የድመትንና የመሰሉትን ሥጋ በል እንስሳት ጥርስ ነው፤ ዛሬ አጌት የሚባለው ለስላሳ ድንጋይ ይበቃል።

ሌሎቹ ቀለሞች የሚቀቡት ወርቁ ከተወለወለ በኋላ ብቻ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ወርቁ ያልታሰበበት ቀለም ላይ ይለጠፋል፣ መወልወያውም ሥዕሉን ያበላሻል። ከፊደሉ ጠርዝ የተራገፈውን ብናኝ ግን በለስላሳ ብሩሽ ይሰብስቡት እንጂ አይጣሉት፤ ከማር ጋር ተፈጭቶ ማሩ በውኃ ሲታጠብ፣ በግራር ሙጫ ተበጥብጦ በብሩሽ የሚቀባ የወርቅ ቀለም ይወጣዋል፤ በዚያ ዘመን ይህ ቀለም በዛጎል ውስጥ ይቀመጥ ነበር።