ከጨረታ እየገዛሁ የምከስርበትን ቀዳዳ እንዴት እንደደፈንኩት

አሮጌ የፊልም ካሜራዎችን በኢንተርኔት ጨረታ ገዝቼ መልሼ እሸጣለሁ። ለወራት ሽያጩ ሞቅ ያለ ነበር፣ እጄ ላይ ግን ምንም አይተርፍም። ደብተሬን ሳገላብጥ ነው ችግሩ የገባኝ። ዋጋ የምገምተው ሻጮች ከለጠፉት ነበር። የተለጠፈ ዋጋ ደግሞ የሻጩ ምኞት ነው፤ በዚያ ሂሳብ የሚገዛ ላይኖር ይችላል።

አሁን ኢቤይ በሚባለው የጨረታ ድረ ገጽ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ሳልጫን አልጫረትም። የመጨረሻዎቹን 10 ሽያጮች አይቼ መካከለኛውን እይዛለሁ። ከዚያ ወጪዬንና ትርፌን እቀንሳለሁ። በ100 የሚሸጥ ዕቃ ኮሚሽኑ 13፣ ማሸጊያና ፖስታው 12፣ ትርፌ 25 ከሆነ ከ50 አላልፍም። እኔ ጋ እስኪደርስ ያለው መላኪያም እዚያው 50 ውስጥ ነው። ጣሪያዬን አንዴ ብቻ፣ ጨረታው ሊዘጋ ሴኮንዶች ሲቀሩት አስገባለሁ። ቀድሞ መጫረት እልህ ይቀሰቅሳል።

ሌላው ቀዳዳ ሌንስ ነበር። ከውጭ አዲስ የሚመስል ካሜራ ደረሰኝ። የስልኬን መብራት ከኋላ ሳበራበት ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ! በጣም ነው ያዘንኩት። ሻጋታ የመስታወቱን ሽፋን ሊበላው ይችላል፤ ያኔ ቢጸዳም ጠባሳው አይለቅም። ስለዚህ ሻጩን አስቀድሜ በመብራት የተነሳ ፎቶ እጠይቃለሁ። «አልተሞከረም» የሚል ካየሁ እንደተበላሸ ቆጥሬ ነው የምጫረተው።

ስሸጥም እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የመለሰብኝ የለም።