ቤት በጸዳ ቁጥር ሳሉ የሚነሳበት ሰው ካለ፦ ችግርና መፍትሄ

መስኮት መክፈትንና ማጽጃው ላይ የተጻፈውን ማንበብን የሚያውቅ ሰው ያነበዋል ብዬ ነው የምጽፈው። አስም ወይም ሌላ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩባቸው ቤቶች ደጋግሜ ያየሁትን ላቅርብ።

መታጠቢያ ቤት ታጥቦ ሳይደርቅ ሳል፣ የደረት መጨነቅ፣ የዓይን ማቃጠል

ከሁሉም የሚበዛው ይኼ ነው። መንስኤው በአብዛኛው በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር መገናኘቱ ነው። ከአሲድ ጋር፣ ማለትም ከሽንት ቤት ማጽጃ፣ ከዝገት ማስለቀቂያ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጠራል። ጤነኛ ሰው "ሸተተኝ" ብሎ የሚያልፈው መጠን የአስም ሕመምተኛን ትንፋሽ ያሳጥራል።

እያወቀ የሚቀላቅል ሰው እምብዛም አላየሁም። አንድ ቤት ማታ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ውስጥ አሲድ ፈስሶ አደረ፤ ጠዋት ሌላው የቤቱ ሰው ሳያውቅ በረኪና ጨመረበት። እናትየው ከሌላ ክፍል ከእንቅልፋቸው እያሳሉ ተነሱ። ሌላ ቤት ደግሞ ማጽጃው ወደ ውሃ ጠርሙስ ተገልብጦ፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። እባካችሁ፣ ማጽጃ ከመጣበት ዕቃ አይገልበጥ! የቆየ ሽንት ላይም በረኪና አይደፋ፤ ሽንቱ ራሱ አሞኒያ ያመነጫል። መጀመሪያ በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ከተከሰተ ሥራውን ትታችሁ ውጡ። "ውሃ ልልቀቅበት" ብሎ የሚመለስ ሰው ያናድደኛል፤ ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ጎንበስ ያለውን ቀድሞ ያገኘዋል። በሩን ዝጉ፤ ሕመምተኛውን ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡ፤ ሐኪም ያዘዘለትን ፈጣን ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ይሳብ። ካልተሻለው፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ጋዙን ብዙ የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላም ሊብስበት ስለሚችል፣ ተሻለው ብላችሁ ብቻውን አትተዉት።

እንዳይደገም፦ ለአብዛኛው ቤት ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። በረኪና የግድ ካስፈለገ ቆሻሻው አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ። ከዚያ በረኪናው በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይበጠበጥ፤ ሙቅ ውሃ ጭሱን ያበዛዋል። የተበጠበጠውም ለነገ አይቀመጥ፤ ኃይሉን ያጣል። ሕመምተኛው ሽታው እስኪጠፋ ከቤት ቢወጣ ይመረጣል። የጨርቅም ሆነ የሐኪም ማስክ ጋዝ አያግድም፤ በእሱ ተማምናችሁ አታስገቡት።

ሲጠረግ ወይም ቫኪዩም ሲደረግ ማስነጠስና ማፈን

ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ከወለል ወደ አየር ያነሳዋል። በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ርካሽ ቫኪዩሞች ከፊት የሳቡትን ደቃቅ አቧራ ከኋላ መልሰው ይተፉታል። "የሄፓ ዓይነት" የሚል ጽሑፍ አያታልላችሁ፤ እውነተኛ ሄፓ፣ ማለትም ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ የአየር ማጣሪያ፣ 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ብናኝ 99.97 በመቶ ይይዛል። ከረጢቱን ደጅ አራግፉ፣ ሕመምተኛው በሌለበት።

ስፕሬይ ሲረጭ ወዲያው ሳል

ጠብታው ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ማጽጃውን አየር ላይ ከመርጨት ጨርቅ ላይ አፍስሳችሁ አብሱ። መዓዛ ያለው የአየር ማደሻ ደግሞ ጭራሽ ይቅር።

ማታ አልጋ ላይ የሚብስ ሳል

መንስኤው የአቧራ ተባይ (ዳስት ማይት)፣ አልጋና ትራስ ውስጥ የሚኖር በዓይን የማይታይ ደቃቅ ፍጥረት፣ ሊሆን ይችላል። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይታጠብ።

ሻጋታ

እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ካልተገኘ ተመልሶ ይበቅላል።

ቤት ውስጥ ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ካለ

አልኮል ያለበት ማጽጃ፣ ቤንዚን፣ ተቀጣጣይ ስፕሬይ አጠገቡ አይድረስ። ኦክስጅን በበዛበት እሳት በቀላሉ ይነሳል፣ በፍጥነትም ይስፋፋል፤ የሰውየው ልብስና አልጋም ኦክስጅኑን ይዘው ይቆያሉ። የኦክስጅን ማሽኑ ከጠፋ በኋላም እነዚህን ከማቅረባችሁ በፊት ጥቂት ጊዜ ጠብቁ።